አደገኛው የማይበራው ነው

ቀይ ነበር። ሚሪንዳ ውስጥ ቀይ ቀለም ጠብ ያደረጉበት የሚመስል ደማቅ ቀይ። ከተሰቀለው ከረጢት ወርዶ በቀጭኗ ቱቦ ወደ ጓደኛዬ ክንድ ይገባል። እኔ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልኬን እነካካለሁ። እሱ ግን ዓይኑን ከቱቦው ላይ አይነቅልም።

"ነገ ሽንቴ ራሱ ቀይ ነው የሚሆነው፤ እንዳትደነግጥ ብለውኛል" አለኝና ሳቀ።

ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ ዶርም ነበርን። ሥራ በጀመርን በሁለተኛው ዓመት ድካም ድካም ይለው ጀመር። ቀጥሎ ድዱ መድማት ጀመረ፤ ትንሽ ነገር ሲነካው ሰውነቱ ይበልዛል፤ ትኩሳቱም አልወርድ አለ። የደም ምርመራው ሲመጣ አኪዩት ሉኪሚያ ተባለ። በፍጥነት የሚያድግ የደም ካንሰር ማለት ነው። ኬሞ ተጀመረ። ፀጉሩ ረገፈ፣ ሱሪው ሰፋው፣ ግን ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ከአጥንት መቅኒው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ "ንፁህ ነው" ተባለ። የዚያን ቀን አራት ሆነን ወጥተን ጥብስ በላን። ሒሳቡን እሱ ካልከፈልኩ ብሎ ተጣላን።

በሰባተኛው ወር ተመለሰበት። ቀዩ መድኃኒት እንደገና ተሰቀለ። በዚህኛው ዙር ግን የካንሰሩ ሴሎች ምንም እንዳልተፈጠረ መባዛታቸውን ቀጠሉ። አንድ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

"መድኃኒቱ እኮ ገብቷል። በዓይኔ ነው ያየሁት፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገብቷል። ታዲያ የት ሄደ?"

ያን ጊዜ የምመልሰው አልነበረኝም። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ሐኪሞችንና የላብራቶሪ ሰዎችን ስጨቀጭቅ ከረምኩ። ዛሬ የማወራችሁ ያንን ነው። እንዳትፈሩ፤ ባዮሎጂ ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ የተዋችሁም ብትሆኑ ይገባችኋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሩ ለምን ያበራል?

ባንክ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይዋ አንድ ኖት ስትጠራጠር ሐምራዊ መብራት ሥር ታስገባዋለች። በተራ ብርሃን የማይታይ ምልክት ቦግ ይላል። ናይት ክለብ ውስጥ ደግሞ ነጭ ቲሸርት የለበሰ ሰው ሰማያዊ ሆኖ ሲያበራ አይታችሁ ይሆናል። እሱ ከልብስ ማጠቢያው ሳሙና ልብሱ ላይ የቀረ ኬሚካል ነው።

የሁለቱም ምስጢር አንድ ነው፤ ፍሎረሰንስ ይባላል። አንዳንድ ሞለኪውሎች ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጡና ከጉልበቱ ትንሽ ያስቀራሉ። የተረፈውን ደግሞ በሚታይ ቀለም መልሰው ይለቁታል። ጣሪያችን ላይ የምትሰቀለው ረጅሟ ፍሎረሰንት መብራትም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ውስጧ የሚፈጠረውን አልትራቫዮሌት መስታወቱ ላይ የተቀባው ዱቄት ወደ ነጭ ብርሃን ይቀይረዋል።

ስሙን ያወጣለት በ1852 የካምብሪጁ ሳይንቲስት ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ ነው። ካያቸው ነገሮች አንዱ የወባ መድኃኒት ነበር፤ ኪኒን። (ዛሬ ማንኛውንም እንክብል "ኪኒን" የምንለው ከዚሁ መድኃኒት ስም ተነስተን ነው።) የፀሐይ ብርሃንን በታትኖ፣ ከሐምራዊው ባሻገር ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ላይ የኪኒኑን ፈሳሽ ሲያስቀምጠው ፈሳሹ ሰማያዊ ሆኖ አበራ።

ይሄ ለካንሰር ምን ይጠቅማል? መብራት የጠፋበት አዳራሽ አስቡ። ከሺህ ሰው መሃል አንዱ ስልኩን ቢከፍት ወዲያው ታዩታላችሁ። ሴሎችም እንደዚያው ናቸው። ሚሊዮን የሚመሳሰሉ ሴሎች ውስጥ አንዱን ለይቶ ማየት ከፈለጋችሁ፣ የሚያበራ ነገር ስጡት። ሳይንቲስቶቹ እንዲህ ያለውን የሚያበራ ኬሚካል "ፕሮብ" ይሉታል፤ እኔ "ጠቋሚ" እለዋለሁ።

አሁን ምን ቢል ጥሩ ነው? ያ የጓደኛዬ ቀይ መድኃኒት ራሱ ያበራል።

ዳውኖሩቢሲን እና ዶክሶሩቢሲን የሚባሉት ቀያይ የኬሞ መድኃኒቶች የተገኙት አፈር ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባቸው ብርቱካናማ ቀይ ሆነው ያበራሉ። ስለዚህ ሴል ውስጥ ሲገቡ የት እንደደረሱ በማይክሮስኮፕ መከታተል ይቻላል። ሥራቸውን ሲሠሩ ወደ ሴሉ እምብርት ይገቡና በዲኤንኤው እርከኖች መሃል ይሸጎጣሉ። ሴሉ ዲኤንኤውን መቅዳት ያቅተዋል፤ ይሞታል።

እምብርቱ ቀይ ሆኖ ካበራ መድኃኒቱ ደርሷል። ሴሉ ከጨለመስ?

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ

በ1973 ኬልድ ዳኖ የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ ዳውኖሩቢሲንን የተላመዱ የአይጥ የካንሰር ሴሎችን አጠና። ብዙ ሰው መድኃኒቱ እነዚህ ሴሎች ውስጥ መግባት አቅቶት ይሆናል ብሎ ሊገምት ይችላል። እሱ ያየው ሌላ ነው። ሴሎቹን ኃይል ሲነፍጋቸው መድኃኒቱ ውስጣቸው ይጠራቀማል። ግሉኮስ ሲሰጣቸው፣ ማለትም ቻርጅ ሲያደርጋቸው፣ መድኃኒቱን መልሰው ያስወጡታል። ጉልበት እያወጡ እየገፉት ነበር ማለት ነው።

የሚያስወጣው ማነው? በ1976 ቶሮንቶ፣ ካናዳ ውስጥ ሩዶልፍ ጁሊያኖ እና ቪክተር ሊንግ መድኃኒት የተላመዱ የሃምስተር ሴሎች ገላ ላይ በብዛት የሚገኝ ትልቅ ፕሮቲን አገኙ። ፒ-ግላይኮፕሮቲን ብለው ሰየሙት።

እኔ ዘበኛ እለዋለሁ። ግቢ በር ላይ ቆሞ የማያውቀው ፊት ሲያይ "ውጣ!" የሚል ዘበኛ። የሴሉ ሽፋን ላይ ይቆማል፤ ሾልኮ የገባውን ባዕድ ኬሚካል ይይዝና የሴሉን ኃይል ተጠቅሞ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ማንነትህን፣ ከየት እንደመጣህ አይጠይቅም። ቪንክሪስቲን የሚባለው ሌላው የሉኪሚያ መድኃኒት የተገኘው ከማዳጋስካር አበባ ነው። ዳውኖሩቢሲን ደግሞ ከአፈር ባክቴሪያ። በቅርጽም በዘርም አይገናኙም። ዘበኛው ግን ሁለቱንም ያስወጣል። ሐኪሞችን ሲያስጨንቅ የኖረውም ይሄ ነው፤ አንዱን መድኃኒት የተላመደ ሴል በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ሌላ መድኃኒትም ይቋቋማል።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ዘበኛውን ካንሰር አልፈጠረውም። የእኛው ነው። አንጀታችን፣ ጉበታችን፣ ኩላሊታችን ውስጥ አለ፤ ወደ አንጎል በሚገቡት የደም ሥሮች ግድግዳ ላይም አለ። መቅኒያችን ውስጥ ያሉት የደም እናት ሴሎችም አላቸው። ሥራው ከመርዝ መጠበቅ ነው። ችግሩ ሉኪሚያውም ከዚያው ከደም ሴሎች ሰፈር የተነሳ ስለሆነ፣ ከሴሎቹ አንዳንዶቹ ይህንን ዘበኛ ቀጥረው መገኘታቸው ነው። ኬሞው ሲመጣ ዘበኛ የሌላቸው ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ዘበኛ ያላቸው ይተርፉና ይባዛሉ። በሰባተኛው ወር የሚመጣው ሠራዊት የእነሱ ልጆች ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ሲያበራ እሱ ጨለማ

እንግዲህ ዘበኛ ያለውን ሴል እንዴት እንለየዋለን? በጣም ከወደድኳቸው ዘዴዎች አንዱ ካልሲን ኤኤም የሚባል ጠቋሚ ነው።

ካልሲን ኤኤም ሲመጣ አያበራም። ጅራት መሳይ ነገር ተቀጥሎበት ብርሃኑ ታፍኗል። በዚያ መልኩ ቅባት ወዳድ ስለሆነ በሴሉ ሽፋን በቀላሉ ሾልኮ ይገባል። ውስጥ ሲገባ የሴሉ ኢንዛይሞች ጅራቱን ይቆርጡለታል፤ ያን ጊዜ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ በሽፋኑ ሾልኮ መውጣት አይችልም፤ ውስጥ ይቀራል።

ዘበኛ ያለው ሴል ላይ ግን ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። ካልሲኑ ገና በሽፋኑ ሲገባ፣ ጅራቱ ሳይቆረጥ፣ ዘበኛው ያዝ አድርጎ ያስወጣዋል። ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ሲሆን ያ ሴል ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ብዙ አሰብኩ። ፊልም ላይ አደገኛው ነገር ነው የሚያበራው። ቀይ መብራት፣ ሳይረን። እዚህ ግን የሚያበሩት መድኃኒቱ የሚደርስባቸው ናቸው። መፍራት ያለባችሁ ጨለማውን ነው።

"ሴሉ ሞቶ ቢሆንስ የጨለመው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጎበዞች ናችሁ፤ እውነት ነው፣ የሞተ ሴልም አያበራም። ስለዚህ ሁለተኛ ቱቦ ይዘጋጃል። እዚህኛው ላይ ዘበኛውን የሚያስር ኬሚካል ይጨመራል፤ ለምሳሌ ቬራፓሚል፣ ለልብና ለደም ግፊት የሚታዘዘው መድኃኒት። ያለ ቬራፓሚል ጨለማ የነበረው ሴል ከቬራፓሚል ጋር ካበራ፣ በቃ፣ ተይዟል። ሴሉ በሕይወት አለ፣ ዘበኛውም ሥራ ላይ ነበር። የሁለቱ ቱቦዎች የብርሃን ልዩነት ዘበኛው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ይናገራል። ሮዳሚን 123 የሚባል ሌላ ቀለምም ለተመሳሳይ ሥራ ለረጅም ዓመታት አገልግሏል።

ዘበኛውን በሌላ መንገድ፣ እሱ ላይ ብቻ በሚጣበቅ ፀረ-አካል ማየትም ይቻላል። ግን ፀረ-አካሉ የሚነግራችሁ ዘበኛው በሩ ላይ መኖሩን ነው። ነቅቶ ይሁን ተኝቶ አይናገርም። የሚያበራው ጠቋሚ የሚያሳየው ሥራውን ነው።

ሲዲ ፎር ትዝ ይላችኋል?

እሺ፣ ሴሎቹን አንድ በአንድ ማን ይቆጥራቸዋል? ሰው በማይክሮስኮፕ ቢሞክር ዓይኑ ይጠፋል።

ይህንን የሚሠራው ማሽን ፍሎው ሳይቶሜትር ይባላል። ስሙ ከባድ ቢሆንም ሥራውን ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። "ሲዲ ፎርህ ስንት ደረሰ?" የሚለውን ጥያቄ አስታውሱ። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችን መድኃኒት የሚጀምሩበት ጊዜ በዚያ ቁጥር ይወሰን ነበር። ያንን ቁጥር የሚያወጡት ማሽኖች የዚሁ ዘር ናቸው።

አሠራሩ የታክሲ ሰልፍ ይመስላል። ሴሎቹ በቀጭን የፈሳሽ ጅረት ውስጥ አንድ በአንድ ተሰልፈው በሌዘር ፊት ያልፋሉ። እያንዳንዱ ሲያልፍ ምን ያህል እንዳበራ፣ በምን ቀለም እንዳበራ ይመዘገባል። በአንድ ሰከንድ በሺህ የሚቆጠሩ ሴሎች ያልፋሉ። ውጤቱ ስክሪን ላይ የነጥብ ደመና ሆኖ ይወጣል፤ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ሴል ናት። የስታንፎርዱ ሌናርድ ሄርዘንበርግ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረቦቹ ጋር ማሽኑን አንድ እርምጃ ወሰደው። የፈለጋችሁትን ሴል ከሌሎቹ ነጥሎ፣ ሳይገድል፣ ሌላ ቱቦ ውስጥ እንዲያስቀምጥላችሁ አደረገው።

ሳይገድል የሚለውን ያዙልኝ። ሴሉ በሕይወት ከወጣ ልትጠይቁት ትችላላችሁ። ይሄኛው መድኃኒት ይገድልሃል? ያኛውስ? የትኛውን ጂን ከፍተህ ነው የተረፍከው?

"ንፁህ" ማለት በምን ተለክቶ?

ወደ ጥብሱ ቀን ልመልሳችሁ።

አንድ ሰው ሉኪሚያ ሲገኝበት ሰውነቱ ውስጥ ወደ አንድ ትሪሊዮን የሚጠጉ የካንሰር ሴሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ከኬሞ በኋላ መቅኒው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያልበሰሉት ክፉ ሴሎች ከ5 በመቶ በታች ከሆኑና ደሙም ካገገመ፣ በሽታው ጋብ ብሏል ይባላል። ይሄ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት መለኪያ ነው፤ የማንም ስህተት አይደለም። ግን ሒሳቡን ተመልከቱት። በዚያ መለኪያ "ጋብ ብሏል" የተባለ ሰው ሰውነት ውስጥ እስከ 10 ቢሊዮን የካንሰር ሴል ተደብቆ ሊቀር ይችላል።

10 ቢሊዮን! እኛ ጥብስ እየበላን።

በማይክሮስኮፕ ከመቶ ሴል ሁለት ሦስቱን ለይቶ ይሄ የካንሰር ነው ማለት ከባድ ነው፤ ጤነኛዎቹ ወጣት ሴሎችም ይመስሏቸዋል። በሚያበሩ ፀረ-አካሎች ቀለም የተቀቡ ሴሎች በፍሎው ሳይቶሜትር ሲያልፉ ግን ከ10,000 ሴል አንዱን ማግኘት ይቻላል። አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ በሚገኘው በሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ዳርዮ ካምፓና፣ ኢሌን ኩስታን-ስሚዝ እና ባልደረቦቻቸው በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በማይክሮስኮፕ ንፁህ ከተባሉት ልጆች መሃል በዚህ ዘዴ የተደበቀ ሴል የተገኘባቸው በሽታው ተመልሶ የሚመጣባቸው በብዛት እንደሆነ አሳዩ። ዛሬ በብዙ አገሮች የአንድ ልጅ ሕክምና ይጠንክር ወይስ ይቅለል የሚለው የሚወሰነው ይህንን ቅሪት አይቶ ነው።

እነዚያ የቀሩት ሴሎች እነማን ናቸው? ኬሞ ወርዶባቸው የተረፉት ናቸው። የመላመዱ ታሪክ የሚጀምረው እነሱ ጋ ነው።

ማየት ማዳን አይደለም

እዚህ ድረስ ስትሰሙ "ታዲያ ዘበኛውን አስሮ መድኃኒቱን ማስገባት ነዋ!" ማለታችሁ አይቀርም። እኔም ብያለሁ። እነሱም ብለው ነበር።

በ1981 ጃፓን ውስጥ ታካሺ ፁሩኦ እና ባልደረቦቹ መድኃኒት የተላመዱ የአይጥ ሉኪሚያ ሴሎች ላይ ቬራፓሚል ሲጨምሩ ቪንክሪስቲን እንደገና መሥራት ጀመረ። ትልቅ ተስፋ ነበር። ነገር ግን በሰው ላይ ዘበኛውን ለማሰር የሚያስፈልገው የቬራፓሚል መጠን ልብን አደጋ ላይ ይጥላል። ከዚያ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ሌሎች መድኃኒቶች መጡ። ቫልስፖዳር ተሞከረ፤ ዞሱኪዳር ተሞከረ። በትላልቅ ጥናቶች የታካሚዎችን ዕድሜ ማራዘም አልቻሉም።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ቅድም ያልኳችሁ ነው፤ ዘበኛው የእኛም ነው። የካንሰሩን ስታስሩ የጉበቱንና የኩላሊቱንም ታስራላችሁ። ለምሳሌ ከቫልስፖዳር ጋር ኬሞው ከሰውነት የሚወጣበት መንገድ ስለሚጠብ መርዛማነቱ ይጨምራል፤ ሐኪሞቹ የኬሞውን መጠን ለመቀነስ ይገደዳሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ የበለጠ የሚያስቆጨው ነው። ከጥናቶቹ ብዙዎቹ የታካሚው ሴል ዘበኛ ይኑረው አይኑረው ሳይለዩ ለሁሉም ሰጡ። ዘበኛ የሌለው ሴል ላይ ዘበኛ ማሰሪያ ምን ይሠራል? ሌባው በመስኮት በሚገባበት ቤት በሩን ደጋግሞ እንደመቆለፍ ነው።

ሦስተኛው፣ ሴሎች መድኃኒትን የሚቋቋሙበት መንገድ አንድ አይደለም። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያን ተመልከቱ። በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢማቲኒብ የተባለው ኪኒን ያንን በሽታ ከገዳይነት ወደ አብሮ የሚኖሩት ሕመም ቀይሮታል። እዚህ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ብዙ ታካሚዎች በእርዳታ ፕሮግራም በነፃ ሲያገኙት ቆይተዋል። ኢማቲኒብ የካንሰሩ ፕሮቲን ቀዳዳ ውስጥ እንደ ቁልፍ ይገባና ይዘጋዋል። አንዳንድ ሴሎች ግን ቀዳዳውን ራሱን ይቀይሩታል። ፕሮቲኑ ላይ 315ኛዋ ቦታ ያለችው አንዲት ቅንጣት ስትለወጥ ኢማቲኒብ ጨርሶ አይገባም። ለዚህ ለውጥ የሚሆን ፖናቲኒብ የተባለ ሌላ ቁልፍ በ2012 ተፈቅዷል። ይህንን ዓይነቱን ሴል ካልሲን አያጋልጠውም፤ የጂን ምርመራ ነው የሚያገኘው።

አያችሁ፣ ሁለት ሰዎች "መድኃኒቱ አልሠራም" ሊባሉ ይችላሉ። የአንዱ ሴል ዘበኛ ቀጥሯል፣ የሌላው ቁልፍ ቀይሯል። መፍትሔያቸው አይገናኝም። ዘበኛ ላለው፣ ዘበኛው የማይነካቸውን መድኃኒቶች መፈለግ ይቻላል። ለምሳሌ ሳይታራቢን የተባለው የሉኪሚያ መድኃኒት የዚህ ዘበኛ ሲሳይ አይደለም። ቁልፍ ለቀየረው ደግሞ አዲስ ቁልፍ ነው የሚያስፈልገው። ማን የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መሞከር ግን ሉኪሚያ የማይሰጠውን ነገር ይበላል፤ ጊዜን።

ጨለማውን ማብራት

የካልሲን ዘዴ አንድ ድክመት አለው። አረንጓዴ ባሕር ውስጥ አንዲት ጥቁር ነጥብ መፈለግ፣ ጥቁር ባሕር ውስጥ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ከመፈለግ ይከብዳል። የስልክ ካሜራችሁ እንኳ ይመሰክራል። ስለዚህ ኬሚስቶች ነገሩን መገልበጥ ፈለጉ፤ ጨለማው እሱ ይብራ፣ ሌላው ይጨልም።

እንዴት? አንዱ መንገድ በሲንጋፖርና በደቡብ ኮሪያ የሠራው ኬሚስት ያንግ-ቴ ቻንግ የሚታወቅበት ነው። እሱና ባልደረቦቹ በቅርጽ ትንሽ ትንሽ የሚለያዩ በሺህ የሚቆጠሩ የሚያበሩ ሞለኪውሎችን ይሠራሉ። ከዚያ የሚፈልጉትን ሴልና የማይፈልጉትን ሴል ጎን ለጎን ያስቀምጡና ሞለኪውሎቹን አንድ በአንድ ያፈሱባቸዋል። የትኛው ሞለኪውል የትኛውን ሴል ለይቶ ያበራል? ምርጫውን ለሴሎቹ ይተዉታል ማለት ነው። አንዱ ሞለኪውል ለይቶ ካበራ፣ ለምን እንደመረጠው የሚጠናው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ ሴሉ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ላይ ስለሚጣበቅ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የሴሉ በር ለእሱ ስለሚከፈት ወይም ስለሚዘጋበት። አዎ፣ በሩ ራሱ መለያ ይሆናል።

ይሄ አካሄድ ለሉኪሚያ ያለው ትርጉም ቀላል ነው። መድኃኒት የተላመደውን ሴል በሕይወት እያለ ማብራት ከተቻለ፣ በማሽኑ ነጥሎ ማውጣት ይቻላል። ነጥሎ ማውጣት ከተቻለ፣ የበሽተኛው ገላ ላይ ከመሞከር በፊት ቱቦ ውስጥ መድኃኒት መሞከር ይቻላል። እነዚህ አዳዲስ ጠቋሚዎች ገና ምርምር ቤት ናቸው። ከዚያ እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የዘበኛ ማሰሪያዎቹን ታሪክ የሰማ ሰው ቶሎ አያጨበጭብም። ግን ከእነዚያ ጥናቶች ከተማርነው ትልቁ ነገር መጀመሪያ ማየት እንደሚቀድም ነው።

ጥያቄው

ጓደኛዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የእሱ ሴሎች ዘበኛ ቀጥረው ነበር? ቁልፍ ቀይረው ነበር? ወይስ ሌላ? አልተለካም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምክር ለመስጠትም አልደፍርም። ግን አንድ ሁለት ነገር ልበላችሁ። ከእናንተ ወይ ከቤተሰባችሁ አንዱ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ካለ፣ "ንፁህ ነው" ስትባሉ ደስ ይበላችሁ። ጥብሱንም ብሉ። ከዚያ በማግስቱ ሐኪሙን በትህትና ጠይቁ፦ "የታየው በማይክሮስኮፕ ነው ወይስ በፍሎው ሳይቶሜትር? የቀረ ሴል መኖሩን የሚያይ ምርመራ ማግኘት እንችላለን?" ምርመራው ባይገኝ እንኳ፣ የተባለው "ንፁህ" የቱን ያህል ንፁህ እንደሆነ ማወቅ የቀረውን ዙር እስከ መጨረሻው ለመከታተል ጉልበት ይሰጣል። ደህና ነኝ ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ለእነዚያ ጥቂት ጨለማ ሴሎች ሜዳውን መልቀቅ ነው።

ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ላብራቶሪ የምትማሩ ልጆች ደግሞ አላችሁ፤ ይህንን ስልካችሁ ላይ የምታነቡ። ሲዲ ፎር የሚቆጥር ማሽን ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በዚያው ዘር ማሽን ሉኪሚያን ለማንበብ ሌላ ቀለም፣ ሌላ ፀረ-አካል፣ ከሁሉም በላይ ግን ያንን የነጥብ ደመና አይቶ "እቺ ናት" የሚል የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል። ያ ዓይን የእናንተ ሊሆን ይችላል።

ባንክ ሄጄ ገንዘብ ተቀባይዋ ብሩን ሐምራዊው መብራት ሥር ስታስገባ እስከ አሁን እሱ ትዝ ይለኛል። ቱቦውን እያየ፣ ጠብታ እየቆጠረ።

ገብቶ ነበር፣ ወንድሜ። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገብቶ ነበር። በር ላይ መልሰውት ከሆነስ? ያንን የሚያይ መብራት አለ፤ ያኔ አላበራንም።